የወፍጮው ብረት

እኔ፣ በዘር ምርምር ጣቢያ ሠላሳ አራት ዓመት የእህል ናሙና ስፈጭና ስመረምር የኖርኩት፣ ሰዎች «ዳጉሴ» የሚሉኝ ሽማግሌ፣ ዛሬ የካቲት አሥራ ስምንት ቀን ጠዋት፣ ሳንባዬ ቢደክምም አእምሮዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ይህን እናዘዛለሁ። የሚጽፍልኝ ጎረቤቴ፣ ጡረተኛው መምህር ነው።

ሚዛኔና በጣሳ ያሉት አሥራ ሁለት የዳጉሳ ዘሮች በእግሬ ለተተካችው መርማሪ ይሰጡ። ቁጡ ናት፤ ዕቃዋን ግን አጥርታ ታጥባለች። ነጩን ዳጉሳ እንዳትንቀው፤ ለአጥንት የሚሆነው ካልሲየም ከሁሉ የበዛው በእርሱ ነው። ስለ ጥቁሩ «በብረት አቻ የለውም» ብዬ የመዘገብኩትን ግን ትሰርዘው። ገለባው ጠንካራ ስለሆነ እርሱን ብቻ ሦስት ጊዜ መላልሼ ፈጨሁት፤ የወፍጮው ጥርስ እየተፋቀ ዱቄቱ ውስጥ ይገባ ነበር። የለካሁት ብረት የወፍጮው እንጂ የዳጉሳው አልነበረም። ይህን ያወቅሁት በሸክላ ሙቀጫ ደግሜ ስወቅጠው ነው፤ ያኔ ልጄ ከሞተች አራተኛ ወሯ ነበር።

አንድያ ልጄ ነፍሰ ጡር ሳለች ደሟ አነሰ። እዚህ የተቀመጠችው አዋላጅ የብረት ክኒን ሰጠቻት። እኔ ግን «የኔ ጥቁር ዳጉሳ ከክኒን ይበልጣል» ብዬ ክኒኑን መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩትና በየቀኑ ገንፎ አበላኋት። አዋላጇ ስትጠይቀኝ ትውጣለች አልኳት። ልጄ አምናኝ በላች። ስትወልድ ደም ፈሰሳት፤ እርሷም ሕፃኑም አልተረፉም።

ባሏ ሹፌር ነው፤ ያን ጊዜ መንገድ ላይ ነበር። በቀብሯ ቀን ሰው ሁሉ እየሰማ «ትተሃት ስትዞር ክኒኗን የሚያስታውሳት አጥታ ሞተች» አልኩት። ክኒኑ በመሳቢያዬ እያለ። እህቴ ከዚያ ወዲህ ሰላምታ ነፍጋዋለች። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ኖርኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የኔው አሥራ አንድ ዓመት ፈጀ። አፍሬ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ስለዚህ ቤቴን ለአማቼ ትቻለሁ፤ ይህም ቃል ከቀብሬ በኋላ ይነበብ ብዬ ነበር። አጠገቤ ተቀምጦ ሲሰማ የነበረው አማቼ ግን እንዲህ አለ፦ «ቤቱን አልፈልግም። ሰው ፊት ነው የወነጀሉኝ፤ ሰው ፊት ያንሱልኝ። ከሞቱ በኋላማ ማንን ልጠይቅ?»

ልክ ነው። ሳሎን ያሉት እህቴና ዘመዶቼ እንዲገቡ በሩ ይከፈት። መምህሩ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ያንብበው፤ ድምፁንም አይቀንስልኝ።

ተናዛዡ፦ ፈርሟል።
ምስክሮች፦ አዋላጇ ፈርማለች። የጣቢያው ጡረተኛ ዘበኛ ፈርሟል።
የተናዛዡ እህት፦ ምስክር ሳትባል ብዕሩን ተቀብላ ፈርማለች፤ ወንድሟንም ሳትሰናበት ከአማቹ ጋር ወጥታለች።