ለአንድ ክንድ ሳጥን የሚሆን ዓሣ

ማክሰኞ፣ ጥር ፲፮። ጠዋት ፲፪ ሰ. ተኩል

የመስታወት ሳጥኑን ውሃ ለወጥኩ። ግማሹን ብቻ፤ ሁሉንም ከለወጡባቸው ዓሦቹ ይደነግጣሉ። ስድስቱም ደኅና ናቸው። ጅራተ ቀዩ ዛሬም ቀድሞ መጥቶ ፍርፋሪውን ከጣቴ ሥር ለቀመ። ላስተምር ት/ቤት ከመሄዴ በፊት ደስ የምትለኝ ነገር ይችው ናት።

እሷንም አበላሸብኝ። ባለቤቴ ጌታነህ (ከዛሬ ጀምሮ ጌ. ብቻ ነው፤ ለሙሉ ስሙ ቀለም አላባክንም) ከኋላዬ ቆሞ ይስቃል። እሑድ ዳኛው ምሳ ሊበሉ ይመጣሉ። የሳቸው ጸሐፊ ነው፤ ዋና ጸሐፊ መሆን ያምረዋል። ለእንዲህ ያለ እንግዳ የጣት እኩሌታ የማይሞላ ዓሣ ይታያል ወይ ይለኛል። ለትልቅ ሰው ትልቅ ነገር ነው የሚያሳዩት አለ።

ሳጥኑ አንድ ክንድ ከስንዝር ነው አልኩት። ጎረቤታችን የነበረችው ጣልያኗ ልብስ ሰፊ ወደ አገሯ ስትገባ ለኔ ነው የሰጠችኝ። ስትሰጠኝም ዓሣ እንደ ቤቱ ነው የሚመረጠው ብላ አስተማረችኝ፤ ዋኝቶ ዞሮ ለመመለስ ቦታ ሊተርፈው ይገባል። ለዚህ ነው ከቀሃ ወንዝ በነጠላዬ ካወጣኋቸው ውስጥ ትናንሾቹን ስድስት ብቻ ይዤ ሌላውን የመለስኩት። ጌ. መች ሰምቶ። ሳጥኑ የተቀመጠበት ጠረጴዛ የማን ነው? ሳሎኑስ? ይለኛል። ካንተ ከደብተሬ በቀር ማን ይሰማኛል።

ዓርብ፣ ጥር ፲፱። ከቀኑ ፲ ሰ.

ከት/ቤት ስገባ በራችን ላይ የጭነት መኪና ቆሟል። ከጎርጎራ ዓሣ የሚያመላልሰው ሾፌር ጌ. ያዘዘውን በርሜል ያወርዳል። በርሜሉ ውስጥ አምባዛ። ክንድ ይሞላል። ጥቁር፣ ልስልስ፣ ባለ ጢም። ሾፌሩ ሸጋ ዓሣ ነው እመይቴ፣ ደግሞም ርካሽ ነው አለኝ። ለምን እንደረከሰ ጌ. አልጠየቀም። እኔ ነገርኩት፦ ቅርፊት ስለሌለው የሚጾም የሚጸልይ ሰው አይበላውም፣ ገዢም የለው። ልንበላው ነው እንዴ አለኝ።

ስድስቱን በጣሳ ላውጣ፣ ትንሽ ታገሠኝ አልኩት። ጣሳውን ሳላነሣ አምባዛውን ለቀቀው። ውሃው ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። ያ አውሬ ሳጥኑን ሞላው፤ ራሱ አንደኛው መስታወት ላይ፣ ጭራው ሌላኛው ላይ። መዞር አይችልም።

ጣሳውን ይዤ ስድስቱን ብፈልግ ከሱ ሥር አይታዩኝም።

ቅዳሜ፣ ጥር ፳። ጠዋት

አንድም የለም። ጅራተ ቀዩም።

ጌ. ቆሞ እያየ ጥርሱን ይፍቃል። ከቀሃ ሌላ ታመጫለሽ አለ። ካንተ ምን እደብቃለሁ፣ አለቀስኩ። ከዚያ ተናደድኩ፣ አሁንም እንደተናደድኩ ነኝ። ለዓሣ ብቻ አይደለም። በዚህ ቤት እኔ መርጬ፣ የመረጥኩት የሚጸናበት ቦታ አንድ ክንድ ከስንዝር ነበረ። እሱንም ወሰደው።

እሑድ፣ አስተርዮ ማርያም። ከቀኑ ፱ ሰ.፣ እንግዳው እንደሄዱ

ዳኛው በቀጥታ ከቤተ ክርስቲያን መጡ። ጌ. ሳይቀመጡ ወደ ሳጥኑ ወሰዳቸው። አምባዛው ልክ በዚያ ሰዓት አፉን ከውሃው አውጥቶ አየር ጎረሰ። ጢሙ መስታወቱን ይዳስሳል። ዳኛው ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ ኋላ አሉ።

«ምነው ልጄ፣ ቅርፊት የሌለውን ከማዕድ አጠገብ? መዞሪያ እንኳ የለው። ማነው ይኸን የመረጠ?»

ጌ. ላብ በላብ ሆነ። በጣቱ እኔን አሳየ።

«የእሷ ነው ጌታዬ። ሳጥኑም ዓሣውም የእሷ ነው። እኔ በዚህ ነገር እጄን አላስገባም።»

ሰሃን ይዤ ቆሜያለሁ። ውሸቱን ነው ልል አፌ ላይ ደረሰ። ግን አንድ ነገር ታየኝና ዋጥኩት። እውነቱን ነው፣ የኔ ነው፣ ጌታዬ ይስሙልኝ አልኩ። ዳኛው እሱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ሰምተናል አሉ። ፈገግ ያሉ መሰለኝ። ምሳውን ትንሽ ቀምሰው ሄዱ። ስለ ዋና ጸሐፊነት አንድ ቃል አልተነሣም። ቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፣ ይኸው ነው።

ሰኞ፣ ጥር ፳፪። ጠዋት ፩ ሰ.

ጌ. አኩርፏል፤ ከአልጋ አልወረደም። ሹመቴን ያበላሸሽብኝ አንቺ ነሽ ይላል። ይበል። ፍ/ቤት ተቀምጦ ሲጽፍ የሚውለው ይኸንኑ አይደል? ሰው በዳኛ ፊት በገዛ አንደበቱ ያመነውን መልሶ አይክድም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

የጎርጎራው መኪና ዛሬ ወደ ሐይቁ ይመለሳል። አምባዛውን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ በርሜሉ ውስጥ አስተኛሁት። እሱ ምን አጠፋ፤ ጣና የሚያህል ቤት አለው። በርሜሉን ወደ በር ስገፋ ጌ. ከብርድ ልብሱ ሥር አምባዛዬን ወዴት ነው አለኝ።

«የማን?» አልኩት።

በርሜሉን ከደጃፉ አሻገርኩት።

ከት/ቤት ስመለስ በቀሃ በኩል ነው የምመጣው። ነጠላዬን ይዣለሁ። ከጣቴ እኩሌታ የሚበልጥ አልወስድም። ሳጥኑም ከሳሎኑ፣ ከዚያው ጠረጴዛ ላይ አይነሣም። ሁለተኛ እጁን ቢያስገባ የዳኛውን ደጅ አውቀዋለሁ።