ሦስት ሽማግሌ የተቀመጠበት መጎተቻ

ለተከበሩ ጋሽ ሽብሩ፣
በጅቡቲ ከተማ የአርሂባ ሰፈር እድራችን ሊቀመንበር፣ የፒክአፑ ሹፌርና የተሳቢው አባት፤

ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ወገብዎስ? ወገብዎን ለይቼ መጠየቄ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወደ ታች ይመጣል።

ከሁሉ አስቀድሜ ኃጢአቴን ልናዘዝ። ማክሰኞ ቀትር ላይ፣ ከተማው ሁሉ ከሙቀቱ ሸሽቶ ተኝቶ ሳለ፣ የእድሩን ንብረት በእናቴ ማንኪያ ፍቄአለሁ። የፋቅኩት ተሳቢው በሚታሰርበት የፒክአፑ መጎተቻ ላይ ያለችውን፣ እርስዎ «ለውበት» ብለው አረንጓዴ የቀቡባትን ሰሌዳ ነው። ሰሌዳዋ የምትናገረው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ከ1500 ኪሎ በላይ አትጎትቱብኝ፤ ከላይም ከ75 ኪሎ በላይ አትጫኑኝ። አፏን በቀለም የዘጉት ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ማንኪያው ተጣምሟል፤ ለማንኪያው ይቅርታ።

1ኛ. ነገ አርብ ለእድሩ ግብዣ ወደ አርታ ተራራ የሚወጣው ተሳቢ ባዶውን 400 ኪሎ ነው። የተጫነበት ታንከር ሁለት ሺህ ሊትር ውሃ ይይዛል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው ተብለን ተምረን ነበር፤ እርስዎ ግን «ውሃ ደግሞ ምን ክብደት አለው፣ ይፈስ የለም እንዴ!» ስላሉ መምህራችንን ታዝበነዋል። ድንኳኑንና ወንበሩን በአክብሮት ሳልቆጥር ትቻለሁ።

2ኛ. አባቴ ባንቴ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ከባድ መኪና ሲነዳ ሃያ ዓመቱ ነው። «መኪናው፣ መጎተቻውና ተሳቢው የየራሳቸው ቁጥር አላቸው፤ አዛዡ ከሦስቱ ትንሹ ነው» ይላል። በእድራችን ትንሽ ተሰምቶ ስለማያውቅ ይህ ሕግ እኛ ጋ እንደማይሠራ ይገባኛል። አባቴ አሁን ጋላፊ ድንበር ላይ ተራ እየጠበቀ ስለሆነ ሊከራከርዎ አይችልም፤ እንኳን ደስ አለዎት።

3ኛ. ባለፈው አርብ ስላካሄዱት ምርመራ ምስጋናዬ የላቀ ነው። እርስዎ፣ ጋሽ ልደቱና አቶ ዘይድ ተደጋግፋችሁ መጎተቻው ላይ ተቀመጣችሁ፤ ወገብዎን የጠየቅኩት ለዚህ ነው። አልተሰበረም። «ሦስት ሽማግሌ የቻለ ውሃ ያቅተዋል?» ተብሎ ተመረቀ፣ አሜን ተባለ። ሦስታችሁ በትንሹ 240 ኪሎ ትሆናላችሁ። ቀለሙን ስፍቅ ብየዳው ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አገኘሁ። ዝገት አልያዛትም፤ አዲስ ናት። መርማሪዎቹ የመረመሩትን ሰብረውታል ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ብልግና ከእኔ አይወጣም።

ትናንት ማታ ተሳቢው ታንከሩ ሞልቶ ሲታሰር የፒክአፑ አፍንጫ ወደ ላይ ተነሣ፤ መብራቱም መንገዱን ትቶ የጎረቤታችንን የኑሪያን ሰገነት አበራ። ፊቱን ያነሣ መኪና መሪው ይቀላል፣ ፍሬኑም ይሰንፋል ይላል አባቴ። «ዣንዳርም ቢያስቆመን የኛ ሰው ነው» ብለዋል። ፖሊሱ ዣንዳርም የእርስዎ ሰው ይሁን፤ ዳገቱ ግን የማንም ሰው አይደለም።

4ኛ. እናቴ ገበያነሽ ሳምንቱን ሙሉ በሰው ቤት ስትሠራ ከርማ የምታርፈው አርብ ብቻ ነው። በእርስዎ ድልድል መሠረት ፒክአፑ ላይ ከኋላ፣ ፊቷን ወደ ተሳቢው አዙራ ትቀመጣለች። ስንጥቋ ስትሰፋ መጀመሪያ የምታየው እሷ ናት። ነግሬያት ነበር፤ «ጋሽ ሽብሩ ካሉ አሉ» አለችኝ። ይህን ያህል ታምንዎታለች።

በልጅነት ድፍረቴ እየተሸማቀቅኩ፣ ለረጅም ዕድሜዎም ለእናቴም ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣
የተሳቢው ጎረቤት

ግልባጭ፦ ለምርመራው ኮሚቴ፣ ከነመቀመጫው

ከፊርማ በኋላ የታወሰ፦ ይህን የምጽፈው ሐሙስ ቀትር ላይ፣ ተሳቢው ጥላ ሥር ተቀምጬ ነው። የታንከሩን ቧንቧ ከፍቼዋለሁ። እርስዎ እንዳሉት ይፈሳል። ግማሹ ወርዷል፣ የፒክአፑም አፍንጫ ቀስ እያለ እየተመለሰ ነው፤ ውሃ ክብደት ከሌለው ምን እንደመለሰው ያስረዱኛል። ስንጥቋ ግን ውሃ ስለፈሰሰ አትዘጋም፤ መጎተቻው ካልተቀየረ ባዶውንም አይሄድም። ውሃው አሁን የእርስዎ ደጃፍ ደርሷል። የበርዎ መቀርቀሪያ ተንቋቋ፤ ነጠላ ጫማዎ ውሃው ውስጥ ጨቅ ጨቅ ሲል ይሰማኛል፤ ስሜን ሊጠሩ ነው፤ እየቀረበ

«ውዴ! አንቺ ውዴ!»