የአሥራ አንዱ ቤት መልስ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ጉልበትዎ ቁልቁለቱን ያስወርድዎታል ወይ? የእማዬስ ሳል ለቀቃት? ዐረፋን አብሬያችሁ ባለማሳለፌ ልቤ እዚያው እንደቀረ ነው። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ስልክ ላይ ጆሮዎ ስለሚያስቸግርዎ ጻፍኩ፤ ወንድሜ ሰዲቅ ቀስ ብሎ ያንብብልዎ።

አባባ፣ እዚህ ጎሮ አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር ቀጥሮኛል። ለሰፈሩ ሴቶች የልብስ ስፌት ሥልጠና ሊከፍቱ አስበው፣ በቅድሚያ ሰዉን ምን እንደሚቸግረው ቤት ለቤት ጠይቂ አሉኝ። ቅጽ ይዤ ወጣሁ።

መጀመሪያ የገባሁት ኦቦ ዋቅጅራ ቤት ነው። ከተማው ሳይደርስ እዚሁ ጤፍ ያርሱ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። «ከሁሉ በፊት የሚቸግርዎ ምንድን ነው?» ብላቸው፣ ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ከአጥሩ ማዶ ለፎቅ ተብሎ የተቆፈረ ትልቅ ጉድጓድ አለ፤ ሠራተኞቹ ጥለውት ከሄዱ ወራት አልፈዋል፣ ታቹ ውኃ አቁሯል። በጉድጓዱና በቤታቸው መካከል መሬቱ ተሰንጥቋል። «ባለፈው ሳምንት ጣቴ ነበር የሚገባው» አሉና ጎንበስ ብለው እጃቸውን እስከ አንጓው ከተቱት።

ከዚያ በኋላም በየገባሁበት ያው ነው። የአንዱ ግድግዳ፣ የሌላው ወለል። ፌናን የምትባል የሁለት ልጆች እናት፣ በሯ ከፋሲካ ወዲህ አልገጥም ስላላት በገመድ ታስረዋለች። አሥራ አንድ ቤት ጠይቄ አሥራ አንዱም ስለ ጉድጓዱ ነገሩኝ። ቅጹ ላይ ያለው ግን ሥራ፣ ትምህርት፣ ጤና ነው። «ሌላ» የሚለው ቦታ ላይ ጻፍኩት።

አለቃዬ ሄሊና አንብባ፣ «ሰልዋ፣ እኛ የመጣነው ስፌት ልናስተምር ነው፤ ይሄ የእኛ ሥራ አይደለም» አለችኝ። «መጥተሽ እዪውና ያኔ ንገሪኝ» አልኳት። መጣች። ስንጥቁን ጎንበስ ብላ አየችው። በማግስቱ ወረዳ ይዛኝ ሄደች፤ መሐንዲስ እንልካለን አሉን። እስካሁን የመጣ የለም።

ሐሙስ ከሰዓት ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። ኦቦ ዋቅጅራ ለቅሶ ሊደርሱ ወጥተው ነበር። ሲመለሱ የኋለኛው ክፍል ከነአልጋቸው ጉድጓድ ገብቶ ጠበቃቸው። አላለቀሱም፤ ዝናቡ ውስጥ ቆሙ። እጃቸውን ይዤ ወደ ማኅበሩ ቢሮ አመጣኋቸው። ፈራሁ አባባ።

ሄሊና ሥልጠናውን አቆይታ፣ ለስፌቱ የተከራየነውን አዳራሽ መጠለያ አደረገችው። እድሩም ፍራሽ አመጣ። ከአሥራ አንዱ ቤት አሥሩ ወጡ። ፌናን ብቻ እምቢ አለች። «ካርታ የለኝም፤ ቤቱን ባዶ ካገኙት የእኔ መሆኑን ማን ይመሰክርልኛል?» ትላለች። ብለምናትም ብቆጣትም አልሰማ አለች። በመጨረሻ እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ የውኃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ እንደኖሩ ብነግራት፣ «እሳቸው ውጪ ካሉኝ እወጣለሁ፤ መሬት የሚያውቅ ሰው ይንገረኝ» አለችኝ።

መሬቱ ውኃ ሲጠጣ የሚያብጥ ጥቁር ዋልካ አፈር ነው። የጉድጓዱ አፍ ከበሯ ሰባት እርምጃ አይሞላም፤ ከትናንት ጀምሮ ደግሞ ከስንጥቁ ሥር ውኃ ይመነጫል። አባባ፣ አፈር ሊናድ ሲል ምን እንደሚያሳይ፣ እርስዎ በዓይንዎ ያዩትን፣ ለፌናን ብለው ያስጽፉልኝ።

እማዬ ዱዓ ታድርግልን። ሰዲቅን፣ ሸምሲያንና አዲሷን ሕፃን ሳሙልኝ። ይህን የሚያደርስልዎ ገረመው የሚባል የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ በማግስቱ ስለሚመለስ መልሱን ለእሱ ይስጡልኝ። ኢምፔሪያል አደባባይ ቆሜ እጠብቀዋለሁ። አሁን እየጻፍኩልዎ እንኳ ሰማዩ ጠቁሯል፤ የፌናን ልጆች ቤት ውስጥ ናቸው።

ልጅዎ ሰልዋ
ጎሮ፣ አዲስ አበባ
ሰኔ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.