ሹፌሩን ያነሳው ሮቦት

እታለም፣ ለማንም ነግሬ የማላውቀውን ልንገርሽ። ታሞ የተኛው ወንድምሽ የወደቀው አንቺ ባጠብሽው ወለል ተንሸራቶ አይደለም፤ አንቺን ከጓዳ ላለመጥራት እልህ ይዞኝ፣ ብቻዬን ከአልጋ ሳነሳው ከእጄ አምልጦኝ ነው።

ዛሬ ልጄ በምትሠራበት ሆስፒታል፣ በመጽሐፍ ብቻ የማውቀውን በሽተኛ የሚያነሳ ሮቦት አየሁ። አንድ ጡረተኛ ሹፌርን እንደ ሕፃን አቅፎ ከአልጋ ሲያነሳቸው፣ «ቀስ በል ወዳጄ፣ ዕቃው ተሰባሪ ነው» አሉት። ሮቦቱ ዝም። «አየሽ፣ ጉልበት ሰጥተው አፍ ነሱት» አሉኝ። «ባለፈው ደግሞ ቻርጁ አልቆ አየር ላይ አንጠልጥሎኝ ቀረ።» ነርሷ ልጄ ጥፍራቸውን እየቆረጠች፣ «አፉ እኔ አይደለሁም እንዴ አባባ? ድሮ እርስዎን ሳነሳ ወገቤ ተቆርጦ፣ መች አጫውትዎ ነበር?» አለቻቸው። ሦስታችንም እስኪያመን ሳቅን።

እኛ ቤት ሮቦት ባይኖርም አንቺ ነበርሽ፤ አለመጥራቴ ነው ጥፋቴ። ይቅር በይኝ። ልጆቹን ሳሚልኝ፣ ጎረቤቶቹንም ሰላም በይልኝ። ይህ ፖስትካርድ ገላጣ ስለሆነ ፖስተኛው ቢያነበውም ያንብበው፤ መደበቅ ሰልችቶኛል፣ ቀሎኛልም። የሚደርሰው ግን አሥራ አንድ ዓመት በከንቱ ራሷን ስትወቅስ ለኖረችው፣ ለባሌ እህት ነው።