ባለ አንድ ፈትሉ መቅረዝ፦ ለአውራጃችን የቱሪዝም ኃላፊ

ለክቡር አቶ ሙኩንዳን፣
የአውራጃው የቱሪዝም ማስፋፊያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤንነት፣ የባለቤትዎንና የልጆችዎን ደኅንነት፣ እንዲሁም ቀን ከሌት የማያርፈውን የማተሚያ መሣሪያዎን ብርታት እጠይቃለሁ። እኔ በካዳቩር የመንግሥት ትምህርት ቤት ሠላሳ አራት ዓመት ያስተማርኩት ካርትያይኒ፣ ዝናቡ ጉልበቴን ከመያዙ በቀር ደኅና ነኝ።

«ስድስት ቀን በደቡብ ህንድ፦ ባህልና ተፈጥሮ» የተሰኘው የጉዞ ዕቅድዎ የታተመበት ብሮሹር ቤቴ ድረስ መጥቶልኛል። እንዳርመው የጠየቀኝ የለም። ነገር ግን ቀይ እስክሪብቶ በቤቴ ስለማይጠፋ፣ የሚከተሉትን ጥቂት ነጥቦች በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ። በሁለተኛው ቀን እንግዶችዎ ጠዋት የሻይ ተክሉን ኮረብታ ጎብኝተው፣ በምሳ ሰዓት ፏፏቴው ሥር ታጥበው፣ ጀምበር ስትጠልቅ በሐይቁ ላይ በጀልባ እንዲንሸራሸሩ ወስነዋል። ከኮረብታው ወደ ሐይቁ የሚወርደው መንገድ ሃያ ሁለት ጠመዝማዛ እንዳለው እርስዎም ያውቃሉ፤ እንግዳው የሻዩን ቅጠል ባየበት ዓይኑ ቁርሱንም መልሶ የሚያይበት መንገድ ነው። ፏፏቴውን በተመለከተ፣ ጉዞው የተያዘው በሚያዝያ ሲሆን በሚያዝያ እዚያ ያለው ደረቅ ቋጥኝ ብቻ ነው፤ ሴቶቻችን ቁንዶ በርበሬ ያሰጡበታል። እንግዶችዎ ከቁንዶ በርበሬው ሥር መታጠብ ከፈለጉ ሴቶቹን አስቀድሜ ላነጋግርልዎ ፈቃደኛ ነኝ።

ሁለተኛ። በገጽ አምስት ላይ በሙዝ ቅጠል ስለሚቀርበው ምግብ የሰጡት ማብራሪያ ልብ የሚነካ ነው። ቀጭኑ የቅጠሉ ጫፍ በተመጋቢው ግራ መሆን ሲገባው በቀኝ መሳሉን ለሠዓሊው ልተወው። ሆኖም «ከተመገቡ በኋላ ቅጠሉን ከራስዎ አርቀው ወደ ፊት በማጠፍ ምስጋናዎን ይግለጹ» ብለዋል። ክቡርነትዎ እንደሚያስታውሱት፣ ቅጠሉን ወደ ራሱ ያጠፈ ሰው «ጠግቤአለሁ፣ ደግሜ እመጣለሁ» ማለቱ ነው። ወደ ፊት የሚታጠፈው በሐዘን ቤት ምሳ ብቻ ነው፤ «ይህ በዚህ ቤት አይደገም» ለማለት። ስለዚህ በእርስዎ መመሪያ መሠረት፣ በሠርግ ላይ የታደመ እንግዳ ሁሉ ጠግቦና ፈገግ ብሎ ለሙሽራይቱ እናት ሐዘኑን ይገልጻል ማለት ነው። ለዚህ ሰፊ ርኅራኄዎ እናመሰግናለን።

ሦስተኛ። ይህኛው ሽፋኑን ይመለከታል፤ ስለሚረዝም ይታገሡኝ።

በዕቅድዎ አራተኛ ቀን እንግዶች «በአንድ የጥንት ቤት የማታ መቅረዝ ሲበራ ይመለከታሉ» ተብሏል። ያ ቤት የእኔና የታናሽ እህቴ የባርጋቪ ቤት ነው። እኔ አልፈለግሁም ነበር። እሷ ግን «ይምጡ እንጂ! አንቺ እንደሆንሽ የምታርሚው ሰው ስታጪ ግድግዳውን ልታርሚ ነው» ብላ ስቃብኝ ከጽሕፈት ቤትዎ ጋር ተስማማች። ፎቶግራፍ አንሺው ሐሙስ፣ ጀምበር ልትጠልቅ ስትል እንዲመጣ ቀጠሮ ተያዘ።

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ባርጋቪ የታጠበ ልብስ ስታጣጥፍ ሞተች። ቀጠሮውን መሰረዝ ረሳሁ። በሠላሳ አራት ዓመት አንድም ቀጠሮ ረስቼ አላውቅም ነበርና ይህን ጥፋት በራሴ ስም እመዘግባለሁ።

ልጁ ካሜራውን አንግቦ ሲደርስ እህቴ በፊተኛው ክፍል፣ በሙዝ ቅጠል ላይ፣ ራሷን ወደ ደቡብ አድርጋ፣ አዲስ ነጭ ጨርቅ ለብሳ ተጋድማለች። በራስጌዋ የናሱ መቅረዝ በአንድ ፈትል ይነዳል። አጠገቡ ዘይት የተሞላ የኮኮናት ግማሽ ይበራል፣ ዙሪያውን ሩዝ ተበትኗል። በአገራችን ባሕር ማዶ ላሉ ልጆች ሲባል ሬሳ ፎቶ ይነሣልና፣ ልጁ ለጎረቤቶቼ ለዚሁ የተጠራ መሰላቸው። ጎረቤቴ ካማላክሺ በር ላይ ቆሞ ሲያመነታ አይታ፦

«ና ግባ እንጂ፣ ምን ይገትርሃል? ልጇ ኩዌት ነው፣ ለቀብሩ አይደርስም። ፊቷን ጥሩ አድርገህ አንሳለት።»

«እማማ፣ እኔ እንኳ የመጣሁት ለቱሪዝም...»

«ለምን መጣህ ያለህ አለ? ጫማህን አውልቅና አንሳ!»

ጫማውን አውልቆ፣ አንገቱን ደፍቶ አነሣ። ዋጋም አልተቀበለም። በእሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ያነሣውን ሁሉ እንዳለ ለጽሕፈት ቤትዎ አስረከበ፤ በጽሕፈት ቤትዎ ያሉ ዐዋቂዎችም ከመካከሉ ብርሃኑ ያማረውን መረጡ።

እነሆ ሽፋኑ፦ አንድ ፈትል ያለው መቅረዝ፣ ግማሹ ኮኮናት፣ የተበተነው ሩዝ፣ በታችኛው ጠርዝ ደግሞ ሁለት ጣት ያህል ነጭ ጨርቅ። ከሥሩ «አያቶቻችን እንግዳ የሚቀበሉት እንዲህ ነው» ተብሎ ተጽፏል። በገጽ ስምንት ላይም ያንን የመሰለ ጨርቅ ከሸማኔዎች ኅብረት ሱቅ መግዛት እንደሚቻል ተጠቁሟል። ክቡር ሆይ፣ በማናቸውም ቤታችን የማታ መቅረዝ የሚበራው በሁለት ፈትል ነው፤ አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ አንዱ ወደ ምዕራብ። በአንድ ፈትል የሚበራው በሬሳ ራስጌ ብቻ ነው። ይህን የአንደኛ ክፍል ተማሪ ያውቃል።

የባርጋቪ ልጅ ራጄንድራን እናቱ በሞተች በሁለተኛው ሳምንት ከኩዌት ገባ። ብሮሹሩን አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አንዲት ልጅ በፈገግታ ሰጥታው ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ አኖረውና «ትልቋ እናቴ፣ ይሄ የእማዬ ጨርቅ አይደለም?» አለኝ። ለረጅም ጊዜ ተመለከትሁት። ሊሰማኝ የሚገባውን ነገር በውስጤ ፈለግሁ፤ ያገኘሁት ግን ከሥዕሉ ሥር ባለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ነጥብ መጉደሉን ነው። በቀይ ምልክት አደረግሁበት። ራጄንድራን እጄን አየ፣ ከዚያም ፊቴን አይቶ ከክፍሉ ወጣ። የፈለግሁትን ነገር እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ደወልሁ። ያነጋገረችኝ ወይዘሪት ሽሪጃ እጅግ ትሑት ናት። «ቲቸር! ሽፋኑን እንዴት እንደወደዱት ቢያዩ! አንዱ እንግዳማ "ሳየው ሰላም ይሰማኛል" ብሎ ጻፈልን» አለችኝ። ምን እንደሆነ ነገርኋት። ቀጥላም «ውይ... ግን ቲቸር፣ ፊት እኮ አይታይም። ማን ያውቃል?» አለች። ይህ ሥዕል ስድስት ሜትር ተደርጎ ሰኞ ጠዋት በድልድዩ ላይ እንደሚሰቀል፣ ሰሌዳውም ተሠርቶ እንዳለቀ የነገረችኝም እሷ ናት።

ድልድዩ ከበረንዳዬ ፊት ለፊት ነው። የእኛ ፈትል የነደደው እህቴን አንሥተው እስኪወጡ ድረስ ብቻ ነበር። የእርስዎ ግን የኤሌክትሪክ መብራት ስላለው ሌሊቱንም እንደሚበራ ተረድቻለሁ፤ ስለ ትጋትዎ አመሰግናለሁ።

አራተኛ። የአራተኛውን ቀን መርሐ ግብር ይሰርዙልኝ። መቅረዙን የምታበራው እሷ ነበረች። የሐዘኑ ቀናት ካለቁ ወዲህ እኔ በየማታው እለኩሰዋለሁ፤ ለእንግዳ የሚታይ ግን አይደለም።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰሌዳው አይሰቀል። የታተሙትን ነፋስ ወስዷቸዋል፣ አላሳድዳቸውም። የይቅርታ ደብዳቤም አልጠይቅም፤ እሱንም ማረም ሊኖርብኝ ነው።

የአውራጃችንን ስም በዓለም ለማስጠራት ስለሚደክሙት ድካም፣ የሞቱትን ሳይቀር በእንግዳ ተቀባይነት ስላሠማሩበት ብልሃት፣ ጊዜዎን ሰውተው ይህን ደብዳቤ እስከዚህ ስላነበቡልኝም ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ ጉልበቴ በፈቀደልኝ መጠን እጅ እየነሣሁ፣ የዘወትር አክባሪዎ መሆኔን አረጋግጣለሁ።

ካርትያይኒ፣ ጡረተኛ መምህርት
ካዳቩር፣ ከድልድዩ ፊት ለፊት

ከፊርማ በኋላ የታወሰ፦ ሙኩንዳን፣ «ማን ያውቃል?» ለተባለው መልስ ሳልሰጥ ቀርቻለሁ። እናትህ ጃናኪ ያረፈች ዕለት አንተ የኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርህ። በራስጌዋ ፈትሉን የገመድሁት እኔ ነኝ፤ ዘይቱን የያዝኸው አንተ። «ቲቸር፣ ወፈር አድርገው ይግመዱት፤ እንዳይጠፋ» አልኸኝ። አወፈርሁት፣ አልጠፋም። በብሮሹሩ ገጽ ሁለት ላይ፣ ከመልካም ምኞት መግለጫው ሥር ያለው ፊርማ ያንተ ነው፤ እጅ ጽሕፈት ያስተማርሁህ እኔ ስለሆንሁ ለየሁት። ሰኞ ጠዋት ሠራተኞችህ መሰላል ይዘው ሲመጡ በረንዳዬ ላይ እቀመጣለሁ። አንተም ና። ፈትሉን አብረን እንቆጥራለን።