ሦስት ተኩል በመቶ

ጎፋ፣ ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሲራክ፣

ጤናህን እጠይቃለሁ። ገንዘብህን አልጠይቅም፤ እሱን አይቼዋለሁ። እኔም አባባም ደህና ነን። ብርድ ሲሆን ጉልበቱን ያመዋል እንጂ ሌላው ደህና ነው።

በስልክ ያልነገርኩህ ስለምታቋርጠኝ ነው። «እታለም፣ አልገባሽም» ትላለህ፤ ሲገባኝ ደግሞ ኔትወርክ ጠፋ ትላለህ። ወረቀት ኔትወርክ አይጠፋበትም። የሥራ ባልደረባህ ምስጢር ፈቃዷን ጨርሳ ከነገ ወዲያ ወደ ዱባይ ስለምትመለስ በእጇ ልኬልሃለሁ። ተቀምጠህ አንብበው።

በእሷ በኩል የላክኸው ውክልናና የካርድህ የባንክ ስቴትመንት ደርሶኛል። በስምህ ያለውን፣ አባባ የሚኖርበትን የፉሪውን ቤት ሸጬ የክሬዲት ካርድህን ዕዳ እንድከፍልልህ፣ ለአባባ ደግሞ «ለጊዜው» አንድ ክፍል እንድከራይለት ትላለህ። አባባ ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ለጊዜው ያልከው የማንን ጊዜ ነው?

የባንኩን ስቴትመንት አስራ አንዱንም ገጽ አነበብኩት። እንግሊዝኛ ስለሆነ አታነበውም ብለህ ከሆነ ተሳስተሃል፤ ቁጥር በየትም አገር ቁጥር ነው። አስራ ዘጠኝ ዓመት የሳሙና ፋብሪካችን ሠራተኞች ቁጠባና ብድር ማህበር ገንዘብ ያዥ ሆኜ የሰው ብድር ስቆጥር ኖሬአለሁ። ፊደል ያልቆጠረ ጫኝ እንኳ ከመፈረሙ በፊት አንድ ነገር ይጠይቀኝ ነበር። «እትዬ፣ ይሄ ወለድ የዓመት ነው የወር?» ይለኛል። አንተ ባለዲግሪው የሆቴል ሱፐርቫይዘር አልጠየቅክም።

የዛሬ ሁለት ዓመት ለፋሲካ መጥተህ ያልከኝን አልረሳሁትም። «እናንተ በአስራ ሦስት በመቶ ሰው ታርዳላችሁ። እኛ ጋ ሦስት ተኩል ነው። ሰዎቹ ሰልጥነዋል እኮ!» ብለህ ካርዷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥካት። አባባ አንስቶ አገላበጣት።

«ገንዘብህ ሁሉ እዚህች ላይ ነው?» አለህ።

«አይ አባባ፣ እሷ ላይ ገንዘብ የለም። ስትፈልግ ግን ትሰጥሃለች።»

«የማንን?»

ሳቅክበት። በቤቱ ውስጥ ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቀው እሱ ብቻ ነበር።

የእኛ አስራ ሦስት የዓመት ነው። የእነሱ ሦስት ተኩል የወር ነው። በአስራ ሁለት ወር አባዛው፤ አርባ ሁለት ይመጣል። እኔ በአርባ ሁለት አበድራለሁ ብል የፋብሪካው ሰው ከነወንበሬ አውጥቶ ይጥለኝ ነበር።

አስራ አራት ሺህ ድርሃም አለብህ። ባንኩ «ዝቅተኛ ክፍያ» ብሎ የጻፈልህን ሰባት መቶ በየወሩ ትከፍልና ዕዳህን የከፈልክ መስሎህ ትተኛለህ። ከሰባት መቶው አራት መቶ ዘጠናው ወለድ ነው። ዕዳህ የሚቀንሰው በሁለት መቶ አስር ብቻ ነው። ዝቅተኛው ክፍያም ከዕዳው ጋር እያነሰ ስለሚሄድ፣ በዚህ አያያዝ፣ ከእንግዲህ አንድ ነገር ሳትገዛበት፣ ግማሹን ለማውረድ ብቻ አራት ዓመት ገደማ ይፈጅብሃል። አንተ ደግሞ ትገዛበታለህ። ባለፈው ወር የሦስት መቶ ሃምሳ ድርሃም ጫማ ገዝተሃል። የወሩን ዕዳ ሙሉ በሙሉ የማይከፍል ሰው የእፎይታ ቀን የለውም፤ ጫማው ገና ከሱቅ ሳይወጣ ወለዱ ይጀምራል። ይሄ ገጽ ሁለት ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። በደቃቅ ፊደል የሚጻፈው ለእንዳንተ ዓይነቱ ነው።

እንዲህ ንቄህም ደላላ ጠራሁ። አልደብቅህም። ዕዳውን ካልከፈልክ ከዚያ አገር መውጣት እንደምትከለከል ስትጽፍልኝ ፈራሁ። ደላላው ሮበሌ ይባላል፣ የፉሪ ልጅ ነው። ቅዳሜ አብረን ሄድን። ግድግዳውን በጣቱ ያንኳኳል፣ ጣሪያውን ቀና ብሎ ያያል፣ ከንፈሩን ይመጥጣል። አባባ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ መስሎት ወንበር አወጣለት።

«ቆጣሪው ከበሩ ጀርባ ነው፣ ልጄ።»

«እሺ፣ አባቴ። ቤቱ ጭቃ ነው አይደል?»

«ጭቃ ነው። ልጄ ነው የሠራልኝ። አንተ ለአባትህ ምን ሠራህ?»

ሮበሌ ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ ወጣ። በር ላይ ጠጋ ብሎ «እህቴ፣ ሽማግሌው ውስጥ ካሉ ገዢ ዋጋ ይሰብርብሻል። መጀመሪያ አስወጪያቸው» አለኝ። ኮሚሽንህን ይዘህ ጥፋ አልኩት። የያዘው ኮሚሽን አልነበረም፤ ጠፋ ግን።

ቤቴ ገብቼ ስቴትመንቱን እንደገና ዘረጋሁ። ቤቱን ሳልሸጥ የምወጣበት ነገር ካለ ብዬ ነው። ገጽ ስድስት ላይ መጀመሪያ ያለፍኩትን አየሁ። ማርች 12፣ ጥሬ ገንዘብ ከማሽን፣ ሁለት ሺህ። በዚያው ቀን ሌላ ሁለት ሺህ። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 3 ነው። እኔ የሐሞት ጠጠሬን ያስወጣሁት መጋቢት 5 ነው።

የሕክምናውን ስትልክልኝ «ከቁጠባዬ ነው፣ አታስቢ» ብለኸኝ ነበር። ቁጠባ አልነበረህም። በካርድ የሚወጣ ጥሬ ገንዘብ ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው። ሲወጣም ይቆረጥበታል፣ ወለዱም አንድ ቀን ሳያድር መቆጠር ይጀምራል።

ስማኝ፣ አንተ ጅል። ሐኪሙ አንድ ወር መቆየት ትችያለሽ ብሎኝ ነበር። እቁቤ በሦስት ሳምንቱ ወጣ። የራሴ ገንዘብ፣ ያለ ምንም ወለድ። «የለኝም፣ እታለም፣ ታገሺ» ብትለኝ እታገስ ነበር። ግን ዱባይ ያለ ወንድም «የለኝም» አይልም። ከሚያፍር አርባ ሁለት በመቶ ይሻለዋል።

ያ እቁብ ሲወጣ ሶፋና የውሃ ሮቶ ገዛሁበት። ፎቶውን ልኬልህ «ያምራል» ብለህ ጻፍክልኝ። ገንዘቡ በእጄ በነበረ ጊዜ ልመልስልህ ወይ ብዬ አልጠየቅኩህም።

ስለዚህ ያደረግኩትን ልንገርህ። ባለፈው እሁድ የአዲሱ ዙር እጣ አትክልት ቤት ላላት ለገዲሴ ወጣ። ሰው ሁሉ ሳይበተን «ገዲሴ፣ ይሄን ለእኔ ልቀቂልኝ፤ የእኔ ሲወጣ አንቺ ትወስጃለሽ» አልኳት።

«እንዴ፣ እትዬ አምሳለ! ዱባይ ወንድም ያላት ሰው እጣ ትለምናለች?»

ሰው ሳቀ። የእቁቡ ዳኛ ጋሽ መኩሪያ መዝገቡን ሳይከድን «ስጫት፣ ገዲሴ። ዱባይ እኮ በረሃ ነው፤ ውሃ የሚሄድለት ከእኛ ነው» አላት። ይሄኔ ጭራሽ አውካኩ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ? ገዲሴ ግን ሰጠችኝ፤ ለውለታዋ አንድ ብር አልጠየቀችም።

ሁለት መቶ ስልሳ ሺህ ብሩን ለምስጢር እናት አስረክቤአለሁ። ምስጢር እዚያ ስድስት ሺህ ድርሃም ትሰጥሃለች። እፊቷ ቁጠር። በዚያው ቀን ባንክ ሄደህ አንዱንም ሳታስቀር ካርዱ ላይ አስገባው። ስምንት ሺህ ይቀርብሃል። ለአባባ በየወሩ የምትልከውን ስምንት መቶ አቁም። ከሰባት መቶው ጋር ደምረህ በየወሩ ሺህ አምስት መቶ ክፈል፤ በስድስት ወር ታልቃለች። አባባን እኔ አበላዋለሁ። ካርዷን በመቀስ ቁረጥና ፎቶ ላክልኝ። ሁለቱም ቁራጭ ይታይ።

ውክልናውን ቀድጄዋለሁ። ሌላ ብትልክም እቀደዋለሁ።

አባባ ዛሬ እኔ ጋ መጥቷል፤ ስጽፍ አይቶ «ምን እያልሽው ነው?» አለኝ። ሰላምታ ነው አልኩት። «የእኔንም ጨምሪበት» አለ፤ ይኸው ጨምሬአለሁ። ፈጣሪ ከክፉ ቀን፣ ከክፉ ሰው፣ ከራስህም ይጠብቅህ። የአባባን ዕድሜ ይስጥህ፤ ጭንቅላቱንም ጨምሮ።

እህትህ አምሳለ

ገንዘቡን ስትቀበል «ደረሰ» ብለህ ብቻ ጻፍ። አመሰግናለሁ እንዳትል። እኔም በመጋቢት አላልኩህም።