መጀመሪያ ሴትየዋ ትትረፍ፦ የትዳርና የቤተሰብ ቴራፒስት የነበሩት የእትዬ የሕይወት ታሪክ

እህታችን እትዬ ከአናጢው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው፣ ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ በምትገኝ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ተወለዱ። ለቤቱ ሁለተኛ ልጅ ናቸው። ታላቃቸው ዛሬ ከፊት ወንበር የተቀመጡት ወንድም ጋሼ ሲሆኑ፣ ታናሻቸው ደግሞ ይህን የምጽፈው እኔ ነኝ። ጎረቤቱም፣ የሥራ ባልደረባውም፣ በዕድሜ የሚበልጣቸው ሰው ሳይቀር እትዬ እያለ ይጠራቸው ስለነበር እኔም በዚሁ እጠራቸዋለሁ።

እንዲህ ባለ ጽሑፍ ላይ "ወላጆቻቸው በፍቅርና በፈሪሃ እግዚአብሔር አሳደጓቸው" ማለት የተለመደ ነው። ፍርሃቱስ ነበር። አባታችን እናታችንን ይመቱ ነበር። ይህን የማያውቅ ሰው እዚህ ክፍል ውስጥ ካለ ዘመዳችን አይደለም። ከመቱ በኋላ ደግሞ ዝም ይሉ ነበር፤ ሳምንትም፣ ወርም። አንድ ጠረጴዛ ላይ እየበሉ ቃል አይለዋወጡም። ወሬ የምታመላልሰው እትዬ ነበረች፤ ያን ጊዜ ገና ልጅ ስለነበረች አንቱታውን ብተው ትፈቅድልኛለች። "ለአባትሽ ራት ቀርቧል በያቸው።" "ለእናትሽ ጨው በዝቶበታል በያት።" እትዬ ሁለተኛውን መልእክት ስታደርስ "ጣፍጧል ብለዋል" ትል ነበር። አባታችን የነቁባት ቀን "መጣች ጠበቃዋ!" አሉና ስሙ ለብዙ ጊዜ ተጣብቆባት ቀረ። ሊያዋርዷት ነበር ያወጡላት፤ እሷ ግን ወደደችው።

ነገር ሲበዛ የቤተ ክርስቲያናችን ጉባኤ ሽማግሌዎች ይጠሩ ነበር። አባታችን በሠሯቸው ወንበሮች ላይ ይቀመጣሉ፣ ያነባሉ፣ ይጸልያሉ። ከዚያም እናታችንን "ምን ብለሽ ነው ያስቆጣሽው?" ብለው ይጠይቃሉ። እናታችን ይቅርታ ይጠይቃሉ፣ እነሱ ሻያቸውን ጨርሰው ይሄዳሉ። አንድ ቀን እትዬ ሻዩን እንዳቀረበች ትሪውን ታቅፋ ቆመችና "አባባስ ማንን ነው ይቅርታ የሚጠይቀው?" አለች። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ወንድም ጋሼ ጆሮዋን ይዘው ከክፍሉ አስወጧት። ወንድም ጋሼ በዚያን ጊዜም ሥርዓት ያከብሩ ነበር።

እትዬ የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው አጠናቀው የነርሶች ማሠልጠኛ ገቡ። ተመርቀው በመንግሥት ሆስፒታል በማዋለጃ ክፍል ለረጅም ዓመታት አገልግለዋል። እዚያው ሆስፒታል የመብራት መስመር ሊጠግኑ መጥተው መሰላል ላይ ሆነው ካዩዋቸው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸው ቁጣ የማያውቁ፣ ቀልደኛ ሰው ናቸው። አባታችን ስለ አማቻቸው ሲጠየቁ "ልጄ ወንድ ሳታገባ ቀረች" ይሉ ነበር። አባታችን ያሉት ሁሉ ዛሬ የሚያስቅ ባይሆንም ይህኛው አማቻቸውን ሁሌም ያስቃቸዋል።

እትዬን ከሥራቸው ያነሳቸው ነገር እንዲህ ነው። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት መንጋጋዋ ተሰብሮ መጣች። ከደረጃ ወደቅሁ አለች። የሆስፒታሉ የሥነ ልቦና ባለሙያ ሊያነጋግራት ሲመጣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እትዬ ለብቻዋ ሲጠይቋት "እሱ እምነቴን አያውቅም፤ ባልሽን ፍቺ ነው የሚለኝ። የጉባኤ ሽማግሌዎቼ ደግሞ ተመለሺ ነው የሚሉኝ። ማን ጋ ልሂድ?" አለቻቸው። ሴትየዋ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ለሁለተኛ ጊዜ የመጣችው ሞታ ነው፤ ልጇም አልተረፈም።

እትዬ በዚያው ዓመት፣ ወደ አርባ ሲጠጉ፣ በትዳርና በቤተሰብ ቴራፒ ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ወሰኑ። ያን ጊዜ ነው ሁሉም የተነሳባቸው።

ታላቁ ዩኒቨርሲቲ ተቀብሏቸው ነበር። በሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ኃላፊ የነበሩት ሐኪም እትዬ መንፈሳዊ ኮሌጆችንም እያዩ መሆናቸውን ሲሰሙ በነርሶቹ ፊት "አንቺን የመሰለች ባለሙያ ጸሎት ልትማር ነው? በዘይት ልታክሚ ነው?" ብለው አሾፉባቸው። ወንድም ጋሼ በበኩላቸው፣ ያን ጊዜ እሳቸውም የጉባኤው ሽማግሌ ሆነው ነበርና፣ "የእግዚአብሔር ቃል ያላቃናውን ትዳር አንቺ በወሬ ልታቃኚው ነው?" አሏቸው። ለሐኪሙ እምነታቸው አፍንጫ የሚያስይዝ ነበር፣ ለወንድማቸው ደግሞ ትምህርታቸው። እትዬ ለእኔ "ያቺ ሴት ሁለቱም በር ላይ ቆማ ነው የሞተችው። ሁለቱንም በር የሚከፍት ቦታ እፈልጋለሁ" አሉኝ።

መጀመሪያ ያዩት ኮሌጅ የሚያምር ነበር። ምንጣፉ እግር ይውጣል፣ ግቢው ውስጥ ፏፏቴ አለ። እትዬ ለዲኑ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዘው ነበር የሄዱት፤ "አንዲት ሴት ባሏ እየመታት ብትመጣ ተማሪዎቻችሁን ምን አድርጉ ትሏቸዋላችሁ?" ዲኑ ፈገግ ብለው "እኛ ትዳር እንዲጸና ነው የምናስተምረው" አሏቸው። እትዬ አመስግነው ወጡ። ሊያሳዩዋቸው ያዘጋጁትን ቤተ መጻሕፍት እንኳ አላዩም።

ሁለተኛው ኮሌጅ ከማተሚያ ቤት በላይ ያለ ፎቅ ነው፤ ዛሬ የተቀመጥንበት ይኸው ክፍል ማለት ነው። ታች የማተሚያ መኪናው ሲነሳ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ዲኗ ጠና ያሉ ሴት ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ያንኑ ጥያቄ ሲጠየቁ ሳያስቡ "መጀመሪያ ሴትየዋ ትትረፍ። ትዳሩን ከዚያ በኋላ እናየዋለን" አሉ። እትዬ ቀጠሉ፤ "ተማሪዎቻችሁ የሥራ ፈቃድ ፈተናውን ያልፋሉ?" ዲኗም "ያለፉም የወደቁም አሉ። ከፈለግሽ ከወደቁት ጋር ላገናኝሽ፤ እነሱ አያሞግሱንም" አሏቸው። ከዚያ መምህራኑ በአንድ ወገን ብቻ በሚያሳይ መስታወት ጀርባ ሆነው የተማሪውን ሥራ የሚከታተሉበትን የልምምድ ክፍል ዲኗ አሳዩአቸውና እንዲህ አሉ፤ "እምነትሽን እዚህ ማንም አይነካብሽም። በእምነትሽ ተከልለሽ መጥፎ ቴራፒስት መሆን ግን አይፈቀድልሽም።" እትዬ የዚያኑ ዕለት ተመዘገቡ።

ቀን ሆስፒታል፣ ማታና ቅዳሜ ትምህርት ቤት እያሉ ተምረው ጨረሱ። ልጆቻቸው ባለቤታቸው የሚሠሩትን ምግብ በሉ፤ ቀምሼዋለሁ፣ ያ ትዳር እሱን ችሎ ከቆመ በእርግጥ ጽኑ ነበር። እትዬ ፈተናውን አልፈው የሥራ ፈቃድ ካገኙ በኋላ ከጥርስ ሐኪም ክሊኒክ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራዩ። የጥርስ መቦርቦሪያው ድምፅ ግድግዳውን አልፎ ይሰማል። ሌላው ሰው ቢሆን ያማርር ነበር። እሳቸው ግን "ጥሩ ነው፣ ውጭ የሚጠብቀው ሰው እኛን አይሰማንም" አሉ።

እዚያች ክፍል ውስጥ የታረቁ ብዙ ናቸው። አንዳንዶቹ ዛሬ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ስም አልጠራም። መጽሐፍ ቅዱሱ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ የሚፈልግ ያነሳዋል፣ የማይፈልግ አይገደድም። ሚስቶች ወደየቤታቸው እስከተመለሱ ድረስ ጉባኤው እትዬን ያመሰግን ነበር። "ስጦታ አላት" ይሏቸው ነበር ሽማግሌዎቹ።

ከዚያ የወንድም ጋሼ ልጅ መጣች። ባሏ የጉባኤው የመዘምራን መሪ ነው። በጥፊ መትቷት አንድ ጆሮዋ አይሰማም ነበር። እትዬ መጀመሪያ ወደ ሆስፒታል፣ ቀጥሎ ራሷ ልጅቷ ስትጠይቅ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ወሰዷት። ከዚያም ለወንድም ልጅ ቴራፒስት መሆን እንደማይገባ ስለተማሩ ወደ ሌላ ባለሙያ መሯት፤ እሳቸው አክስት ብቻ ሆነው በቤታቸው አስቀመጧት።

በማግስቱ ወንድም ጋሼ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። እኔ ነበርሁ በሩን የከፈትሁት፤ ስለዚህ የሰማሁትን ነው የምናገረው።

"ልጄን አምጪ" አሉ።

"ልጅህ ተኝታለች፣ ወንድም ጋሼ" አሉ እትዬ።

"ባሏ ይቅርታ ጠይቋል። ጸልየንበታል፣ አልቋል።"

"ማንን ነው ይቅርታ የጠየቀው?"

"እኛን።"

"እንግዲያው እናንተ ሂዱና አብራችሁት ኑሩ" አሉና በሩን ዘጉት።

በሚቀጥለው እሑድ እትዬ በሌሉበት ከመድረክ ላይ ስማቸው ተጠራ። "ትዳር አፍራሽ" ተባሉ፤ ከኅብረቱም ተለዩ። የሚመጡላቸው ባለትዳሮች መጥተው የማያውቁ መሰሉ፣ በመንገድ ሲያገኟቸውም ማዶ ተሻገሩ። ሰላምታ የነሷቸውን ሰዎች አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ስንቶቹ ዛሬ ጥቁር ለብሰው እንደመጡም እያየሁ ነው። የመዘምራን መሪው በመሪነቱ ቀጠለ፤ ድምፁ ጥሩ ነው ተባለ።

እትዬ አልታጠፉም። ማስታወቂያ ሳይለጥፉ፣ ለማንም ሳያስረዱ ክፍላቸውን ከፍተው ጠበቁ። ቀስ በቀስ ሰው ተመለሰ፤ መጀመሪያ ሴቶቹ፣ በኋላ ወንዶቹም። ዲኗም በልምምድ ክፍሉ ተማሪ እንዲከታተሉ ጠሯቸው። ከዚያ መስታወት ጀርባ ተቀምጠው ያሠለጠኗቸው ቴራፒስቶች በርካታ ናቸው። ተማሪዎቻቸው ይፈሯቸው ነበር፤ ያለ ምክንያትም አልነበረም።

ከዓመታት በኋላ ወንድም ጋሼ አንድ ከሰዓት ወደዚያች ክፍል መጡና የባለጉዳይ ወንበር ላይ ተቀመጡ። እትዬ "እንደ ወንድም ነው የመጣኸው እንደ ታካሚ?" ብለው ጠየቋቸው። ወንድም ጋሼም "በጉባኤ ፊት ቆመሽ ይቅርታ ጠይቂና እንመልስሽ" አሉ። እትዬ ተነስተው በሩን ከፈቱላቸው። "ወንበሩ ለሚፈልገው ሰው ነው። ውጭ አንድ ሰው ተራ እየጠበቀ ነው" አሏቸው። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። እየሳቁ ጀምረው ሲጨርሱ አልሳቁም።

ባለፈው ዓመት የጣፊያ ካንሰር ተገኘባቸው። ሐኪሞቹ የሚችሉትን አደረጉ፤ እኚያ በዘይት ያሾፉባቸው ሐኪም እንኳ ጡረታቸውን ትተው በየሳምንቱ እየመጡ አዩዋቸው፤ ይህን መመስከር ይገባኛል። ከጉባኤው ግን የመጣ ሽማግሌ የለም። የመጡት የወንድም ጋሼ ባለቤት ናቸው። ገበያ ሄድሁ እያሉ እየመጡ ገላቸውን አጠቧቸው፣ ፀጉራቸውን አበጠሩላቸው፣ እግራቸውን አሹላቸው። ወንድም ጋሼ ይህን ሲሰሙ ገና አሁን ነው። ባለቤታቸውን ልጻፈው ወይ ብዬ ጠይቄያቸው "ጻፊው፤ ሰው ባለበት ይስማው" ብለውኛል።

እትዬ ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ በስልሳ አንድ ዓመታቸው አረፉ። ጉባኤው ለሽኝቱ ትልቁን አዳራሹን ሊሰጠን ፈቅዶ ነበር። ቅድመ ሁኔታው በሕይወት ታሪካቸው ላይ "ነርስ ነበሩ" ብቻ እንዲባል ነው። ትናንት ወንድም ጋሼ ይህን ጽሑፍ አስቀርበው ካዩ በኋላ "ቤተሰብ አታዋርጂ፤ ግማሹን አውጪው" አሉኝ። አንድም ቃል አላወጣሁም፤ የባለቤታቸውን ነገር ግን ከዚያ በኋላ ጨመርሁበት። ስለዚህ ነው እዚህ ተጨናንቀን የተሰበሰብነው። ታች ያሉት የማተሚያ ቤቱ ሠራተኞች ለእትዬ ክብር መኪናውን አቁመዋል፤ እናመሰግናቸዋለን።

እትዬ ባለቤታቸውን፣ ሴት ልጃቸውን፣ ወንድ ልጃቸውን፣ እንደ ልጅ በቤታቸው ያኖሯትንና በአንድ ጆሮዋ እየሰማች ከፊቴ የቆመችውን የወንድማቸውን ልጅ፣ የወንድማቸውን ባለቤት፣ እኔን ታናሽ እህታቸውን፣ እንዲሁም ወንድም ጋሼን ትተው አልፈዋል።

እግዚአብሔር የእህታችንን ነፍስ ቁጣ በሌለበት፣ ማንም ማንንም በማይፈራበት ቤት ያሳርፍልን። ያሳደዷቸውን ሰዎች ነፍስ ግን፣ እነሱ ገና በሕይወት ስላሉ፣ ለጊዜው አያሳርፋት። አሜን።